ሠላሳ አንድ ቁጥር ቀለህ

በወይራ ገደል ከተማ ለአንድ ሟች ሰባት ተኩስ ይፈቀዳል። ስድስት ከተተኮሰ የዕድሩ ፈቃድ ይሰረዛል፤ ስምንት ከተተኮሰ ጭልፊት የሚባሉት ሰው አልባ አውሮፕላኖች በአራት ደቂቃ ውስጥ መጥተው ከቀብሩ በላይ ያንዣብባሉ። ልክ ሰባት ሲሆን ተኩሱን በሚቆጥረው ምሰሶ ጫፍ ላይ አረንጓዴ መብራት ለአንድ ደቂቃ ይበራል። ከዚያ አፈሩ ይመለሳል።

ምሰሶዎቹ ከተተከሉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሰዉ «ጆሮ» ይላቸዋል። ጠዋት እንጨት የፈለጠ ሰው ቀትር ላይ «ድምፅዎ ተመዝግቧል፤ ዓይነት፦ እንጨት» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። የሠርግ እልልታ ፈቃድ ከሦስት ቀን በፊት ይወጣል፤ አንዳንድ አክስቶች ፈቃዱ ከመድረሱ በፊት አፋቸውን በነጠላ ይዘው እልል ማለት ለምደዋል። በዚህ የሚደነቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

የስድሳ አንድ ዓመቱ እንየው ፈንታ የላይ ሰፈር ዕድር ቀለህ አዳሽ ነው። የጥይት ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ጦርነት በሰማይ ብቻ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ለጠመንጃ ጥይት የሚሠራ አልተገኘም። የቀረው ለቀብር ብቻ የተፈቀደ አሮጌ ምንሽርና በየዕድሩ ሣጥን ውስጥ ያለው ቀለህ ነው። ባሩዱን፣ እርሳሱንና መለኮሻውን ማዘጋጃ ቤቱ በልክ ይሰጣል። ቀለህ ግን አይሰጥም። ስለዚህ የተተኮሰው ይለቀማል፣ ይታደሳል፣ እንደገና ይጎርሳል፣ እንደገና ይተኮሳል።

ሥራው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ቀለህ ሲተኮስ ያብጣል። እሳቱ ከውስጥ ገፍቶ ከጠመንጃው ጉሮሮ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ የድሮ ልኩን አያገኝም። እንየው በጣቱ ትንሽ ቅባት ይቀባዋል። ቅባቱ ከበዛ የቀለሁ ትከሻ ይጎደጉዳል፤ ካነሰ ብረቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ከዚያ መጭመቂያው ላይ አቁሞ እጀታውን ይጫናል፤ ቀለሁ በብረት ቀለበቱ ውስጥ አልፎ ጠቦ ይወጣል። የጠበበ ግን ይረዝማል፤ መሄጃ ያጣው ነሐስ ወደ አፉ ይሸሻል። አፉ የረዘመ ቀለህ ጠመንጃው ውስጥ ታፍኖ እርሳሱን አንቆ ይይዛል። ስለዚህ እንየው ይለካዋል፣ ትርፉን በመቁረጫው ይላጫል፣ ጠርዙን ከውስጥም ከውጭም በሞረድ ያለሰልሳል። ከአንድ ቀለህ የሚወጣው ፍቅፋቂ ከአንድ ቁንጥጫ ጨው አይበልጥም።

«አፉ ላይ የምትቆርጠው ከመቀመጫው የመጣ ነው» ይሉት ነበር ሥራውን ያስተማሩት ጋሽ ቢያድግልኝ። «በቆረጥህ ቁጥር ከታች እየሳሳ ነው። አፉ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ አፉን አትመን። ታቹን ጠይቀው።»

ለዚህ ጥያቄ እንየው ጫፏ የተቆለመመ ቀጭን ሽቦ አለችው። ወደ ቀለሁ ውስጥ አስገብቶ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ይዳስሳል። ሽቦዋን ጎድጓዳ ነገር ካደናቀፋት ቀለሁ ሙት ነው። ሙቶቹ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይጣላሉ።

ሥራውን ሲረከብ በሣጥኑ ውስጥ ዘጠና ቀለህ ነበር። በዚህ ዓመት ግንቦት ላይ የቀረው ሰባት ነው። ከሰባት ያነሰ ያለው ዕድር ፈቃዱንም ጠመንጃውንም ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ለሟቾቹ የሚተኩሰው ምሰሶው ነው። የምሰሶው ተኩስ የተቀዳ ነው፤ አይከሽፍም፤ ሰውም አያደክምም። ታች ሰፈር ወደ ምሰሶ ከተዛወረ ሦስት ዓመቱ ነው።

ከሰባቱ ስድስቱ ሣጥኑ ውስጥ ነበሩ። ሰባተኛው፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር የተቀረጸበት፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እጅ ላይ ነበር። የላይ ሰፈር ልማድ ይህ ነው፦ ሰባተኛው ተኩስ እንደተተኮሰ ተኳሹ ቀለሁን ከነትኩሳቱ ያነሣና በሟቹ የቅርብ ዘመድ መዳፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ዘመድየው እስከ አርባው ድረስ ያቆየዋል፤ ከዚያ ይመልሳል። እግዜር ይመስገን በእነዚያ አርባ ቀናት ውስጥ ማንም አልሞተም።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በአርባ አንደኛው ቀን መጡ። ልጃቸው ዘካርያስ የነፋስ ኃይል ማማ ሲጠግን ወድቆ የሞተ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር። ሌላ ልጅ የላቸውም። ቀለሁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ይኸው፤ አርባው ሞላ» አሉ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ እትዬ።»

«አልቀመጥም። ከተቀመጥሁ አልሰጥህም።»

እንየው ጨርቁን ፈታ። አንገቱ ደህና ነበር። ከወገቡ በታች ግን ነሐሱ የነሐስ መልክ አልነበረውም፤ እስከ መቀመጫው ድረስ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኗል። ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው።

«እሳት ነክቶታል?»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ። «ያን ዕለት ተኳሹ ደባልቄ እጄ ላይ ሲያስቀምጠው ትኩስ ነበር። መዳፌን ሊፈጀኝ ምንም አልቀረው። ከዚያ ቤት ስደርስ ቀዘቀዘ።» ጫፉን በጣታቸው ጠቀለሉት። «ምድጃው ላይ አቆመዋለሁ። ሲግል በጨርቅ አነሣና እይዘዋለሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁትም።»

«በየቀኑ?»

«ጠዋትና ማታ።» ፊቱን አዩት። «አበላሸሁት እንዴ፣ እንየው?»

«የለም፣ እትዬ። ቀለሙ ብቻ ነው። ይታጠባል።»

ወጥተው ሲሄዱ ጨርቁን ይዘው ሄዱ።

ነሐስ አፉ ላይ ትንሽ እሳት ቢነካው አይጠላም፤ ይለሰልሳል፣ ሳይሰነጠቅ ይኖራል። መቀመጫው ላይ ሲነካው ግን ይሞታል። ከውጭ ሲያዩት ያው ነው። ርዝመቱም ውፍረቱም አይለወጥም፤ ሽቦዋም ምንም አታገኝም። ፍንዳታውን ችሎ የሚቆምበት ጥንካሬው ግን የለም፤ ተመልሶም አይመጣም። ይህን እንየው ከሃያ ዓመት በላይ ያውቃል። ቆርቆሮውን ከፈተ፤ ከዚያ ከደነው። ሠላሳ አንድ ቁጥርን ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጋሽ ቢያድግልኝን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከተኙ ሁለተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ድምፃቸው ከመክሳቱ የተነሣ ጆሮው የድምፃቸውን መዝገብ እንኳ መላክ ትቷል።

«ስንት ቀረህ?» አሉት።

«ሰባት።»

«ጥሩ። እኔን ይበቃኛል፤ ከዚያ ወዲያ እንደፈለጋችሁ ሁኑ።» ሳቁና አሳላቸው። «በምሰሶ እንዳታስቀብረኝ አደራ። ታች ሰፈር ሲቀበሩ ሰምቻለሁ። እንደ ስልክ ጥሪ ነው።»

«አደራ፣ ጋሼ።»

«እጅህን አምጣ።» ሰጣቸው። አውራ ጣቱ ላይ መጭመቂያው ያወጣበትን ጉጥ ዳሰሱና አልጋው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

እንየው ሠላሳ አንድ ቁጥርን ለሦስት ቀን አልነካውም። በአራተኛው ቀን የጋሽ ቢያድግልኝ ልጅ ደውላ አባቷ ማረፋቸውን ነገረችው፤ ቀብሩ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ስድስቱን በተለመደው መንገድ አዘጋጀ። ከዚያ ሠላሳ አንድ ቁጥርን በኮምጣጤና በአመድ አሽቶ አጠበው። ሰማያዊው ደበዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ቅባት ቀብቶ መጭመቂያው ላይ አቆመውና እጀታውን ተጫነ። ሌሎቹ ሲገቡ ክርናቸውን እንደሚያስደግፉ ሰዎች ይታገሉታል። ይህኛው ሳይታገል ገባ። ክንዱ ያወቀውን ነገር እንየው ሰምቶ አለፈው። ለካው፤ ከልኩ በፀጉር ውፍረት ይረዝማል። ሲላጨው ፍቅፋቂው እንደ ሌሎቹ ተሰባብሮ አልወደቀም፤ ረጅም ጥቅልል ሆኖ መቁረጫው ላይ ተንጠለጠለ።

ባሩዱን ቢቀንስለት ብሎ አሰበ። ጆሮው ግን ዝቅ ያለ ድምፅ ተኩስ ብሎ አይቆጥርም፤ ታች ሰፈር አንዴ ሞክረው ነበር። ሙሉውን ሞላው።

የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ኤልዳና ከሰዓት በኋላ መጣች። ትሑት ልጅ ናት፤ ገና በሩ ላይ ጫማዋን ትጠርጋለች። ሰባቱን ጥይቶች አንድ በአንድ በሣጥኗ ውስጥ አስገባች። ሣጥኗ ርዝመትና ቁጥር ያነብባል።

«ሰባት። ሁሉም ልክ ናቸው፣ አባባ» አለች። «እንዴት እንደሚያቆዩአቸው አላውቅም። በመሥሪያ ቤት ስለ እርስዎ እናወራለን።»

«ምን ትላላችሁ?»

«ማሽን ነው እንላለን» አለችና ያመሰገነችው መስሏት ፈገግ አለች።

እሷ ስትወጣ ደባልቄ ገባ። ደባልቄ የዕድሩ ተኳሽ ነው፤ ከእንየው ጋር አብሮ አድጓል፣ ሚስቱን ያጨለትም እንየው ነው። በሩን ሳያንኳኳ መግባት ልማዱ ነው።

«አንተ ሞረድ! እስካሁን እየፋቅህ ነው? ጋሽ ቢያድግልኝ ተነሥተው ይገርፉሃል።»

«ጨርሻለሁ።»

«ነገ አንደኛውን ስተኩስ ወደ ጆሮው አዙሬ ነው የማጮኸው። እርሳቸው ቢኖሩ ይስቁ ነበር።» ጥይቶቹ በጨርቅ ላይ ተደርድረው ነበር። ጎንበስ ብሎ አያቸው፤ መነጽሩን ግን ቤት ረስቶታል። «ሁሉም ደህና ናቸው?»

ይህን ጥያቄ ከእያንዳንዱ ቀብር በፊት ይጠይቃል። እንየውም ሁልጊዜ የሚመልሰው በአንድ ዓይነት ነው።

«ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው እሰር፤ ልሂድ። ሚስቴ ሽሮ አቅርባ እየጠበቀችኝ ነው።»

እንየው ጥይቶቹን በሚተኮሱበት ተራ ጠቅልሎ አሰረለት። ሠላሳ አንድ ቁጥርን አራተኛ አደረገው። ሰባተኛ ሆኖ በጋሽ ቢያድግልኝ ልጅ መዳፍ ላይ ቢያርፍ ቀለሙ ይታይ ነበር።

በማግስቱ መቃብሩ ዳር ሦስት መቶ ያህል ሰው ቆመ። ዕድሩ ሁለት ምንሽር አለው፤ አንዱን ደባልቄ ያዘ፣ መጠባበቂያውን እንደ ልማዱ እንየው ተደገፈው። ደባልቄ እንደ ዛተው የመጀመሪያውን ወደ ምሰሶው አዙሮ ተኮሰ። ከሰዉ መሐል የሚስቅም የሚያለቅስም ተሰማ። ወፎች ከባሕር ዛፉ ተነሡ። ሁለተኛውን ተኮሰ፤ ሦስተኛውንም።

አራተኛው ሲተኮስ ድምፁ ሁለት ሆነ። አንዱ ወደ ፊት ሄደ፤ ሌላው፣ አጭሩ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ደባልቄ ጠመንጃውን አልጣለም። ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠውና በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ተንበረከከ። በጣቶቹ መካከል ደም ወረደ። ሚስቱ ስሙን ጠራችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

በምሰሶው ላይ ቁጥር ይታይ ነበር፦ አራት። ተኩስ ከተቋረጠ የሚታገሡት አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ቀብሩ ያልተሟላ ተብሎ ይመዘገባል፤ ፈቃዱም ይሰረዛል።

እንየው በሕይወቱ ተኩሶ አያውቅም። የቀሩትን ሦስት ጥይቶች ከደባልቄ ዝናር አወጣ። በመጠባበቂያው ምንሽር አንዱን አጎረሰ፣ ተኮሰ። ምሰሶው አምስት አለ። ትከሻውን መታው፤ ሁለተኛውን አጎረሰ። ጥይቱ ወድቆበት ከሣር ውስጥ ፈልጎ አነሣው። ስድስት። ሦስተኛውን ተኮሰ። ሰባት። ቀለሁን አውጥቶ ከነትኩሳቱ በጋሽ ቢያድግልኝ ልጅ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። አረንጓዴው መብራት በራ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ደባልቄ የዞረው። ሌሎች ሰዎች ተሸክመውት ከበሩ እየወጡ ነበር።

ሐኪሙ ስለ ቀኝ ዓይኑ ሲናገር ቶሎ ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር አለ፤ ምናልባት የሚለውንም ሁለት ጊዜ አለው። ማዘጋጃ ቤቱ ምርመራ አልከፈተም። በመዝገቡ ላይ «ሰባት ተኩስ ተሰምቷል» የሚል ነበር፤ ከሰባት በላይም በታችም ያልሆነ ነገር አይመረመርም። በወሩ መጨረሻ ኤልዳና መጥታ ሣጥኑን ቆጠረች። በልጅቱ እጅ ካለው ጋር ስድስት ነበር። ይቅርታ ጠየቀች፤ ጠመንጃዎቹንም ፈቃዱንም ይዛ ሄደች።

እንየው ደባልቄን ሊጠይቅ የሄደው ከቀብሩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠመንጃዎቹ ከተወሰዱ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ እስከ አጥሩ ደርሶ ተመልሷል። ደባልቄ ግማሽ ፊቱን በፋሻ ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ባለው መስኮት ደፍ ላይ አንድ ቀለህ ቆሟል፤ መቀመጫው ተቀዶ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ቁጥሩ ይነበባል። ሰማያዊውም ይታያል።

«ጠመንጃዎቹን ከመውሰዳቸው በፊት ጉሮሮው ውስጥ ተጣብቆ አገኘሁት። በበትር መትቼ አወጣሁት» አለ ደባልቄ። «አይተኸው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«ጠይቄህ ነበር።»

«ጠይቀኸኝ ነበር።»

ሚስቱ ውሃ ይዛ ገባች፤ ሁለቱን አየችና ውሃውን እንደያዘች ተመለሰች። ደባልቄ በደህናው ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሲያይ ቆየ።

«ብትነግረኝ ኖሮ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «እተኩሰው ነበር። ለጋሽ ቢያድግልኝ ብዬ፣ ፊቴን ዞር አድርጌ፣ እየሳቅሁ እተኩሰው ነበር። አሁን ሂድ።»

ሄደ።

የመሥሪያ ክፍሉን አልዘጋውም። መጭመቂያውን በሳምንት አንድ ቀን ቅባት ይቀባዋል፤ የሚገባበት ግን የለም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በክረምቱ መጀመሪያ አንድ ጠዋት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ከተቀመጡ በኋላ፣ በዚህ ጊዜ ተቀምጠዋል፣ ሊጠይቁ የመጡትን ጠየቁ።

«ለጋሽ ቢያድግልኝ የኔም ነበረበት አይደል? የዘካርያስ? ስንተኛው ላይ ተተኮሰ?»

እንየው ወደ ቆርቆሮው አየ።

«ሰባተኛው ነበር፣ እትዬ።»

«ልጅቱ እጅ ላይ ያረፈው?»

«አዎ።»

«ትኩስ ነበር?»

«ትኩስ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ተፈታ። ሲሄዱ ጉንጩን ሳሙት። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ አስቁመው ይህንኑ ይነግሩ ጀመር።

በታኅሣሥ ሞቱ። ዘመድ ስላልነበራቸው ዕድሩ አንድ ሰው መመደብ ነበረበት፤ እንየው እኔ ልሁን አለ። በመዝገቡ ላይ «የቅርብ ዘመድ፦ እንየው ፈንታ» ተብሎ ተጻፈ።

የላይ ሰፈር የመጀመሪያው የምሰሶ ቀብር ነበር። ሰዉ ወዴት ማየት እንዳለበት አላወቀም፤ ከፊሉ ወደ ጉድጓዱ፣ ከፊሉ ወደ ምሰሶው አየ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ምሰሶው ተኮሰ። ሰባቱም እኩል ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜም እኩል ነው። ድምፁ ጥሩ ነው። የባሩድ ሽታ የለም። ወፎቹ ከባሕር ዛፉ አልተነሡም፤ የምሰሶውን ድምፅ ከታች ሰፈር ለምደውታል።

ሰባተኛው ሲያበቃ እንየው መዳፉን ተዘርግቶ አገኘው። መቼ እንደዘረጋው አያውቅም። ሦስት መቶ ሰው እያየ ነው፤ ሊመልሰው ፈለገና እጁ እንቢ አለው።

ከቀኙ አንድ ሰው ተጠጋ። ደባልቄ ነው። ሰው ለማየት አሁን ራሱን በሙሉ ማዞር አለበት። እጁን ከኮቱ ኪስ አወጣና በእንየው መዳፍ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠ። የተቀደደው መቀመጫ ቆዳውን ወጋው።

«እትዬ ማንጠግቦሽ ባለፈው ገበያ አገኙኝ» አለ ደባልቄ በዝግታ፣ ጆሮው በማይሰማው ድምፅ። «ሰባተኛው ነበር አሉኝ። ያን ጊዜ ይህ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«ምን አልሃቸው?»

«አዎ አልኳቸው።»

ደባልቄ ወደ ሰዉ መካከል ተመልሶ ቆመ። አረንጓዴው መብራት በራ፤ ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን አነሡ። እንየው ጣቶቹን በቀለሁ ላይ አጠፈ። የኪስ ሙቀት ነበረው፤ መብራቱ ሳይጠፋ ቀዘቀዘ።